ባዮቻር በብሎኬታችን ውስጥ ይግባ? ከመወሰናችን በፊት እናስላ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ገቢና ወጪ፣ ቀሪ ሒሳብ፣ ከዚያም ጭብጨባ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሆነ እሱን አልደግመውም። ዛሬ የምናገረው ከሁለት ወር በፊት ለሥራ አመራር ኮሚቴያችን ስለቀረበው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ በከተማችን ዙሪያ ካሉት የቡና መፈልፈያዎች የሚጣለውን ገለፈት አክስለን፣ ፈጭተን፣ ብሎኬት በምናመርትበት ሲሚንቶ ውስጥ እንቀላቅል። ለዚህም ማክሰያና መፍጫ መሣሪያ እንግዛ፤ ግማሹን ደጋፊዎቻችን ይሸፍኑልናል፣ ግማሹን ከቁጠባችን እናወጣለን።

ኮሚቴው "ሒሳቡን አይተሽ ንገሪን" አለኝ። ይህን ዱቄት ባዮቻር ይሉታል። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በአካውንቲንግ ነው። ነገር ግን ያገኘሁትን ጥናት አንብቤያለሁ፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄያለሁ፣ ሦስት እህቶቻችንም ለሙከራ ያህል ሠርተው አይተዋል። ያገኘሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። እንጨት፣ ገለፈት ወይም ገለባ አየር በደንብ እያገኘ ሲነድ መጨረሻው አመድ ነው። አየር ተነፍጎት በከፍተኛ ሙቀት ሲበስል ግን ከሰል ይሆናል። ባዮቻርም ከሰል ነው። ልዩነቱ ለማገዶ ሳይሆን ለአፈር፣ ለውሃ ማጣሪያ ወይም እንደዛሬው ለግንባታ ሥራ ታስቦ ከተረፈ ምርት መዘጋጀቱ ነው። ዛፍ ቆርጦ ባዮቻር መሥራት ግን የነገሩን ዓላማ መሳት ነው፤ ያንን ከአሁኑ እንተወው።

ለምን ሲሚንቶ ውስጥ ይጨመራል? ለዚህ የሲሚንቶን አሠራር ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚጀምረው ከኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እቶን ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ድንጋዩ ራሱ ይፈርሳል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። የማገዶው ጭስ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነገ ጠዋት በፀሐይ ኃይል መሥራት ቢጀምር እንኳ ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ አይቀርም። በሰው ልጆች ሥራ ወደ አየር ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ሲሚንቶ ላይ ሌላ ነገር መቀላቀል አዲስ እንዳይመስለን። በየቀኑ የምንጠቀመው ፒፒሲ ሲሚንቶ ፑሚስ ተፈጭቶ የገባበት ነው። የእናቶቻችንን የጭቃ ቤት ካነሳን ደግሞ፣ ምርጊቱ እንዳይሰነጣጠቅ የጤፍ ጭድ የሚገባበትን ምክንያት ማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም። ሆኖም ባዮቻር ከሁለቱም ይለያል። ፑሚስ ከሲሚንቶው ጋር በኬሚካል ተዋሕዶ ራሱም ማጣበቂያ ይሆናል። ጭድ እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ያያይዛል። ባዮቻር ግን በአብዛኛው አይዋሐድም፣ ክርም አይደለም። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጣም ደቆ ከተፈጨ በሲሚንቶው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ሁለተኛ፣ በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይይዛል፤ ብሎኬቱ ሲደርቅ ደግሞ የያዘውን ቀስ እያለ ይለቃል።

ይህ ሁለተኛው ነገር ልቤን ነክቶታል። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው። ስለዚህም ነው ብሎኬት ከሞልድ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እያጠጣን የምንከርመው። ካቻምና ውሃ በፈረቃ ሲሆንና ፈረቃችን ሦስት ቀን ሲዘለል የሆነውን አንረሳውም። ያኔ ያመረትነው ባለ 15 ብሎኬት ፀሐይ ላይ ደርቆ ቀረ። ላዩ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ከመኪና ሲወርድ ግን ጠርዙ ይረግፍ ነበር። ደንበኛችን መለሱልን፤ 200 ብሎኬት በራሳችን ወጪ ተካን። በመዝገቡ ላይ "ስብርባሪ" ብዬ ጻፍኩት። ግን የጠፋው ብሎኬት ብቻ አልነበረም፤ እኚያ ደንበኛ ሁለተኛ አልመጡም። እንግዲህ ውሃ በሆዱ ይዞ ከውስጥ የሚያጠጣ ዱቄት አለ ሲባል፣ እኔም እንደማንኛችሁም ጓጓሁ።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? ብዙዎቹ የሚስማሙበት ነገር አለ። ደቆ የተፈጨ ባዮቻር ከሲሚንቶው ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ሲገባ ጥንካሬው ባለበት ይቆያል ወይም በመጠኑ ይጨምራል። መጠኑ 5 በመቶን እያለፈ ሲሄድ ግን ልዩ ዝግጅት ካልተደረገለት ብዙውን ጊዜ ጥንካሬው ይወርዳል። ምክንያቱም ያው ውሃ የሚይዝበት ጠባዩ ነው፤ የቡኮውን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል፣ ሠራተኛዋ ደግሞ "ደረቀብኝ" ብላ ውሃ ትጨምራለች፣ ውሃ ሲበዛ ብሎኬቱ ይደክማል። ያው አንድ ነገር በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፣ ሲበዛ ይጎዳል። ጨው የማታውቅ ወጥ ሠሪ የለችም።

ከዚህ የራቁ ውጤቶችም አሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሥራ ባዮቻሩን አስቀድመው ከኮንክሪት ማጠቢያ በሚወጣ ውሃ ካከሙት በኋላ እስከ 30 በመቶ ድረስ ከሲሚንቶ ጋር ቀላቅለዋል፤ በ28 ቀን የተገኘው ጥንካሬ ከተለመደው ሲሚንቶ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ባዮቻሩም ከክብደቱ እስከ 23 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስቧል። ሌላው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኘው አርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት የቡና አተላን፣ አዎ፣ ከማሽን ቡና የሚተርፈውን አተላ፣ በ350 ዲግሪ ያለ አየር አክስሎ ከኮንክሪቱ አሸዋ 15 በመቶውን ተካበት። ጥንካሬው ወደ 30 በመቶ ጨመረ። በኋላም ጊስበርን በምትባል ከተማ በዚህ ኮንክሪት የእግረኛ መንገድ ለሙከራ ተሠርቶበታል።

ቡና የኛ ሆኖ በአተላው መንገድ የሠሩት ሌሎች ናቸው ብሎ መቆጨት ያባት ነው። እኔም ተቆጭቻለሁ። ግን ቁጭት ዓይን እንዳይጋርድ ሦስት ነገር ልብ እንበል።

አንደኛ፣ እነሱ የተኩት አሸዋውን እንጂ ሲሚንቶውን አይደለም። "በቡና ከሰል ሲሚንቶ ይቀነሳል" ብሎ ያንን ጥናት የሚጠቅስልን ሰው ካለ ጥናቱን አላነበበም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ ወሳኝ ነበር። አተላው ሳይከስል እንዲሁ ሲገባ ኮንክሪቱን አዳከመው፤ ከልክ በላይ በ500 ዲግሪ የከሰለውም የ350ውን ያህል አልሠራም። ሳይከስል የሚገባ ተረፈ ምርት የሚያዳክመው እንደ ስኳር ያሉ ነገሮች ስላሉበት ነው፤ ስኳር የሲሚንቶ ጠላት መሆኑን ማንም ግንበኛ ይነግራችኋል። በጉድጓድና በበርሜል የሚያከስል ሰው ግን ሙቀቱን በዲግሪ መቆጣጠር ይቸግረዋል። ሦስተኛ፣ የእነሱ አተላ ነው፣ የእኛ ገለፈት ነው። ገለፈት ፖታሲየም የሚበዛበት፣ አመዱም የሚበዛ ነገር ነው። የአንዱ ከሰል ውጤት የሌላው ውጤት አይሆንም። የጎረቤት ሊጥ ኩፍ ማለቱ የኔን እንጀራ ዓይን አያወጣለትም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሦስት ዓይነት ሒሳብ ሠርቻለሁ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። 2 በመቶው 1 ኪሎ ነው። እንግዲህ በየከረጢቱ 1 ኪሎ ሲሚንቶ አውጥተን 1 ኪሎ ባዮቻር ብናስገባ፣ የምንቆጥበው ከ50 ከረጢት አንድ ከረጢት ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ይህ አይለወጥም፤ ከ50 አንድ ነው። ለዚያ አንድ ከረጢት ደግሞ 50 ኪሎ ባዮቻር ያስፈልጋል። ከደረቅ ገለፈት ክብደት ከሰል ሆኖ የሚተርፈው ከሩብ እስከ ሢሶ ስለሆነ፣ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ገለፈት መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ ማክሰል፣ በውሃ ማጥፋት፣ እንደገና ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መንፋት አለብን።

ባለፈው ወር ሦስት እህቶቻችን ሁለት ቀን ሙሉ ሠርተው ያወጡት ነፍተው 18 ኪሎ ነው። ስድስት የሥራ ቀን ለ18 ኪሎ ማለት ነው። በዚህ አካሄድ 50 ኪሎ ለማግኘት ወደ 17 የሥራ ቀን ይፈጃል። የ17 ቀን ደመወዝ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚገዛ እናንተው አስሉት፤ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መሣሪያ ቢገዛ ቀኑ ይቀንሳል፤ ግን የመሣሪያው ዋጋ፣ ነዳጁና ጥገናው ይመጣል። ስለዚህ "ሲሚንቶ ይቆጥባል" የሚለው ምክንያት ብቻውን ለእኛ አይሠራም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት የከሰል ጡብ ሥራ ስንጀምር የመጀመሪያውን ሪፖርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ትርፍ ያሳይ ነበር። ሁላችንም ደስ አለን፤ ደጋፊዎቻችንም ደስ አላቸው። ትርፉ የተገኘው ግን እናንተ በሙቀጫ የወቀጣችሁበትን፣ ጭቃውን ያቦካችሁበትን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣችሁበትን ጉልበት ዜሮ ብዬ ስለጻፍኩ ነው። "የአባላት አስተዋጽኦ" የሚል ስም ሰጥቼው አለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናታችን ወደ ቢሮ መጥተው "ልጄ፣ ወገቤን በየትኛው ዓምድ ነው የምትጽፊው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ጉልበቱን በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስገብቼ ሳሰላው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ስንከስር ነበር። ሥራውን የዘጋነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለት ዓመት የዘገየነው በእኔ ዜሮ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዛሬ የሴት ጉልበት በመዝገባችን ላይ ዜሮ ሆኖ አይጻፍም። የቀረበልን ሐሳብ ያረፈበት ሠንጠረዥ ላይ "የሰው ኃይል፦ በአባላት ይሸፈናል" የሚል መስመር አለ። ያ መስመር እስካልተለወጠ ድረስ እኔ አልፈርምበትም።

ሁለተኛው ሒሳብ የካርቦን ነው። ደጋፊዎቻችን ይበልጥ የሚጠይቁን ይህን ስለሆነ በጥንቃቄ ሠርቼዋለሁ። እንደ ማንኛውም መዝገብ ዕዳና ተቀናሽ አለው። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ሲመረት በዓለም አማካይ 0.6 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ከረጢት 30 ኪሎ ዕዳ ይዞ ነው ግቢያችን የሚገባው። ተቀናሹ ባዮቻሩ ነው። ዛፉ ወይም ቡናው ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን፣ ገለፈቱ ቢበሰብስ ወይም ቢቃጠል ወደ አየር ይመለስ ነበር። ከሰል ሆኖ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛው ለረጅም ዘመን እዚያው ይቆያል። ከ1 ኪሎ ጥሩ ባዮቻር 75 በመቶው ካርቦን ነው ብንል፣ ያ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 2.75 ኪሎ ይሆናል። ያልተጠቀምንበትን 1 ኪሎ ሲሚንቶ 0.6 ስንጨምርበት 3.35 ኪሎ። ከ30ው ዕዳ 11 በመቶ ያህል ተከፈለ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የማክሰያው ጭስ፣ የመኪናና የመፍጫው ነዳጅ ይቀነሳል። የገለፈት ከሰል አመድ ስለሚበዛበት የካርቦኑ ድርሻም ዝቅ ሊል ይችላል።

እንግዲህ ትንሽ ነው? ለአንድ ኪሎ ዱቄት ትንሽ አይደለም። "ከካርቦን ነፃ ብሎኬት" ብሎ ሰሌዳ ለመለጠፍ ግን ከእውነት በጣም የራቀ ነው። ዘጠኝ አሥረኛው ዕዳ እንዳለ ነው።

"የካርቦን ክሬዲት እንሸጣለን" የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። በዓለም ላይ ባዮቻርን በዚህ መልክ የሚመዘግቡና የሚያረጋግጡ አሠራሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውንም የሚቀበሉ አሉ። የሚሸጠው ግን በቶን ነው። በእኔ ሒሳብ 1 ቶን ለመሙላት 364 ኪሎ ባዮቻር ያስፈልጋል፤ በከረጢት አንድ ኪሎ ከሆነ 364 ከረጢት ሲሚንቶ መጠቀም አለብን። በሳምንት 10 ከረጢት ብንጠቀም ከ36 ሳምንት በላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሠርተን አንድ ቶን ተኩል ሳይሞላ የላቦራቶሪውን፣ የአረጋጋጩንና የመዝገቡን ወጪ አይሸፍንም። ብዙ ማኅበራት ተባብረው ቢሠሩት ሌላ ነገር ነው። ለብቻችን ግን ያንን ገቢ በበጀታችን ላይ አልጽፍም። ያልተወለደ ጥጃ አይታለብም።

ሦስተኛው ሒሳብ የጤናና የእምነት ነው፤ በብር የማልጽፈው። ደቆ የተፈጨ ከሰል ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ በአየር ላይ ሲበዛ እሳት ይይዛል። አዲስ የከሰለ ክምር ጠፍቷል ተብሎ በማዳበሪያ ከታሰረ በኋላ ከውስጥ ሊግም ይችላል። በሲሚንቶ እጃችሁ የተቆራረጠውን እኔ አይቻለሁ፤ በዚያ ላይ ጥቁር አቧራ መጨመር ካለብን አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና እርጥብ አድርጎ የመሥራት ልማድ ቀድሞ መምጣት አለበት። ደግሞ ለበርበሬና ለእህል ወፍጮ ቤት ይዘን አንሄድም፤ የጎረቤትን ዱቄት አጥቁረን ከሰው አንጣላም።

እምነት ያልኩት የደንበኛን ነው። ሰው ከእኛ ብሎኬት የሚገዛው ልጆቹን የሚያስተኛበት ግድግዳ ሊሠራበት ነው። ያልተፈተነ ነገር ጨምረን፣ ሳንነግረው፣ "ተሻሽሏል" ብለን ብንሸጥለት ከ200 ብሎኬት የበለጠ ነገር ይጠፋል። ይህ ማኅበር ያለው ትልቁ ሀብት ባንክ ያለው ቁጠባ አይደለም። "የሴቶቹ ብሎኬት አይረግፍም" የሚለው ስም ነው።

ታዲያ ሐሳቡን እንጣለው? እኔ እንጣለው አልልም። ሦስት ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያው ያ የውሃ ጉዳይ ነው። ፈረቃው አልተስተካከለም፤ ባዮቻሩ በበጋ ስብርባሪያችንን በግማሽ እንኳ ቢቀንስልን፣ ከሲሚንቶ ቁጠባው ይልቅ በዚያ በኩል ጉልበቱን ሊመልስ ይችላል። ይህ ግን ተስፋ ነው፤ በእኛ ግቢ፣ በእኛ ገለፈት መፈተን አለበት። ሁለተኛው፣ ገለፈቱ በየመፈልፈያው ተከምሮ ይሸታል፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለእሱ ጥቅም ማግኘት ለከተማችን ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬ 2 በመቶ የሆነው ነገር ነገ ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ብንሠራ፣ የአሸዋውን መንገድ ብንሞክር፣ ሊያድግ ይችላል። ያን ጊዜ ሥራውን የምታውቀዋ ሴት እዚህ ትኑር እላለሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ በዚህ ዓመት ከቁጠባችን መሣሪያ አንግዛ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛ፣ በእጃችን ባለው 18 ኪሎ ሙከራ እናድርግ። አራት ዓይነት ቡኮ፦ ምንም ያልገባበት፣ 1 በመቶ፣ 2 በመቶና 5 በመቶ። ከእያንዳንዱ 12 ብሎኬት፣ በጠቅላላው 48። አሸዋና ጠጠሩ በአንድ ሳጥን ይሰፈር፤ ሲሚንቶውና ባዮቻሩ በሚዛን ይመዘኑ፤ ባዮቻሩ ቀድሞ በውሃ ይራስ፤ የተጨመረው ውሃ ሁሉ ይጻፍ። ከየዓይነቱ ግማሹ እንደ ደንቡ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ግማሹ ውሃ እንደጠፋ ተቆጥሮ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይተው። ፈረቃ ሲዘለል የሚሆነውን ማየት የምንችለው እንደዚያ ነው። በ28ኛው ቀን ሁሉም በላቦራቶሪ ይጨመቅ።

ሦስተኛ፣ ከላቦራቶሪው ውጤት በፊት ባዮቻር የገባበት አንድም ብሎኬት አይሸጥ። ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ የራሳችንን የመሣሪያ ክፍል ግድግዳ እንሥራበትና አንድ ክረምት ይለፍበት። ለክፍልፋይ ግድግዳና ለወለል ንጣፍ እንጂ ብረት ለሚገባበት ለኮለምንና ለሶሌታ ጨርሶ አናስበው።

አራተኛ፣ የእያንዳንዷ ሠራተኛ ሰዓት ከመጀመሪያው ቀን ይመዝገብ፣ ይከፈል። ፎርሙን እኔ አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፣ መጻፍ ለማይችሉ እናቶችም በምልክት ይሞላል።

አምስተኛ፣ 1 ወይም 2 በመቶ የገባበት ብሎኬት ምንም ካልገባበት በጥንካሬ ካነሰ፣ ወይም ውሃ ሲጠፋ ምንም ካልረዳ፣ ሥራው እዚያው ይቁም። ያለ እፍረት እንዝጋው። በከሰል ጡቡ ጊዜ ያጣነው ይህንን ነው፤ መቼ እንደምናቆም አስቀድመን አልተነጋገርንም ነበር።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ለመሣሪያ መግዣ ላሰባችሁት ከልብ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንለምናችሁ ግን ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ የላቦራቶሪ ክፍያ፣ የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት፣ የሙከራው ሠራተኞች ደመወዝ። ፎቶ ላይ የሚያምር ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። መሣሪያ ላይ ስማችሁ ይጻፋል፣ በተጨመቀ ብሎኬት ላይ አይጻፍም። ነገር ግን ተሰብሮ እውነቱን የሚነግረን ብሎኬት፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ከሚዝግ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅመናል። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ በዚሁ ጋዜጣችን ላይ ቁጥሩ እንዳለ ይወጣል። ይህን ቃል እገባለሁ።

በመጨረሻም "ወገቤን በየትኛው ዓምድ ነው የምትጽፊው?" ላሉኝ እናት። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ዓምዱ ተከፍቷል፣ እማማ። በፎርሙ ላይ ከላይ የመጀመሪያው እሱ ነው።